ተቀምጠው ለሚበሉ የሚሰጥ ቪዛ

የአባቴ እህት ከልጇ ጋር ለመኖር ቪዛ የጠየቀችው ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ ከሸበተ በኋላ ነው። እኔ አዳዳ እላታለሁ፤ በእኛ አገር የአባት እህት የምትጠራው እንዲህ ነው። ከዲጋ ወደ ነቀምቴ ያመጣችኝ ስድስተኛ ክፍልን ስጨርስ፣ እናቴ ባረፈችበት ዓመት ነበር። ትምህርቴ በዚያው ቀረ። አማርኛውን ያገኘሁት ከእሷ ቤት ነው። ሟቹ ባሏ የሸዋ ሰው ስለነበር ማዕድ ላይ የሚወራው በአማርኛ ነበር፤ እሱ የተዋቸውን መጻሕፍትም ማንም ሳያዘኝ አንብቤ ጨርሻቸዋለሁ። ማንበብ ሰው ፊት መቆም አይጠይቅም፤ ለእኔ ደግሞ ከሁሉ የሚከብደኝ ሰው ፊት መቆም ነው።

አዳዳና ባሏ ቡና ነግደው ቡርቃ ጃቶ በሚባለው የነቀምቴ ሰፈር ፎቅ ሠሩ። ታች ሱቆች አሉ፣ ላይ የሚከራዩ ክፍሎች፣ ጓሮ ደግሞ እኛ የምንኖርበት ቤት። ባሏ ከሞተ በኋላ ኪራዩ አዳዳን ከበቂ በላይ ያኖራታል። ያም ሆኖ ተቀምጣ ያያት ሰው የለም። ጠዋት ጎመኗን ትኮተኩታለች፣ ቀጥላ ቅቤ ታነጥራለች፣ ከዚያ የተከራዮቹን ደረጃ ራሷ ትጠርጋለች። ሠራተኛ እንቅጠር ያላት ሰው "እጄ ተቆርጧል?" የሚል መልስ ያገኛል። ሰውን ስታማ እምብዛም አልሰማኋትም። አንድን ሰው በጣም ከናቀችው ግን "እሱ ተቀምጦ የሚበላ ነው" ትላለች፤ ሌባ ብትለው ይሻለው ነበር።

ልጇ አንድ ብቻ ነው። ለትምህርት እንደወጣ በሄደበት አገር ሥራ ይዞ፣ አግብቶ ቀረ። ሴት ልጅ ሲወልድ አዳዳ ቢጫ ሹራብ መሥራት ጀመረች። ሹራቡ ሲያልቅ ሕፃኗ አድጋ ጠበባት። ፈትታ ከፍ አድርጋ ሠራችው፤ እሱም ጠበበ፤ ደግማ ፈትታ ሠራችው፣ ያም አነሳት። ሦስተኛ ጊዜ ስትፈታው ክሩ ሳስቶ ነበር። ያኔ ስልኩን አምጪልኝ አለችኝና ልጇን "እኔ የክር አያት ሆኜ አልቀርም፤ መምጣት እፈልጋለሁ" አለችው።

እሱም ሲያጠና ቆይቶ ደወለ። እሱ የሚኖርበት አገር የራሱ ቋሚ ገቢ ያለውን ሰው፣ መጥቶ ሥራ እስካልሠራ ድረስ፣ እንዲኖር ይፈቅድለታል። በእኛ ከተማ የጡረታ ቪዛ ይሉታል፤ ከመንግሥት ጡረታ የሌለው ሰውም የቤት ኪራይ ካለው ይሰጠዋል። አዳዳ በግራ ጆሮዋ ስለማትሰማ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ይዤላት ነበር።

"ሃርሜ" አላት፤ እናቴ ማለቱ ነው፤ "የሚፈልጉት የራስሽ ገንዘብ እንዳለሽና እዚህ መጥተሽ እንደማትሠሪ ነው።"

"እንደማልሠራ? ምን ሆኜ?"

"መሥራት ክልክል ነው። በቃ፣ ተቀምጠሽ ትበያለሽ።"

አዳዳ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ልጇን በውስጡ የምታየው ይመስል ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "ጡት ያጠባሁት ልጅ ነው እንዲህ የሚለኝ?" አለች።

ወረቀቱ ከሁሉ ቀላሉ ሆነ። የቤቱን ካርታ፣ የኪራይ ውሎቹን፣ የግብሩን ደረሰኝ፣ የባንኩን ማስረጃ አሰባስበን ወደ እንግሊዝኛ አስተረጎምን። ቀጠሮ ተያዘ። የቀረው በቃል መጠየቁ ነበር፤ ልጇም አንድ ጊዜ ከከለከሉ ሁለተኛው በጣም እንደሚከብድ ነግሮናል።

ከተከራዮቻችን አንዱ ጨርቅ የሚሸጥ የጉራጌ ነጋዴ ነው። ከእግር እስከ ራሱ ቀልደኛ ሰው ነው፤ የፎቁ ተከራይ ሁሉ ሃርሜ ስለሚላት እሱም ሃርሜ ይላታል። ቀጠሮው ሲቃረብ እንለማመድ አለ። የጨርቅ መለኪያውን ብረት በእጁ ይዞ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አውርዶ ከባንኮኒው ኋላ ተቀመጠ።

"ሃርሜ፣ እኔ አሁን ቆንስል ነኝ። ይግቡ።"

"አንተ ቆንስል ከሆንክ ያ አገር ሰው አልቆበታል ማለት ነው።"

"ይግቡ አልኩ እኮ! እንደምን አደሩ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?"

"የማልሠራው ምን አለ? ጎመኑ የእኔ ነው፣ ቅቤው የእኔ ነው፣ አንተ በጫማህ ጭቃ የምታመጣበትን ደረጃ የሚጠርግልህስ ማን ነው?"

መለኪያውን ባንኮኒው ላይ መታ። "ተከልክሏል! ይውጡና እንደገና ይግቡ።"

አዳዳ ወጥታ ገባች። ገበር ሊገዙ የመጡ ሁለት ሴቶች ግዢውን ረስተው ዳር ቆመው ያያሉ።

"እዚያ ሄደው ምን ይሠራሉ?"

"መቼም እጄን አጣጥፌ አልውልም። ቅቤ አነጥራለሁ፤ ያገሩ ሰው ከወደደው እሸጥለታለሁ።"

"ተከልክሏል! እሺ፣ ማን ይጦርዎታል?"

"ልጄ ነዋ! ዋቃዮ ዕድሜ ይስጠው።"

ነጋዴው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። "ሃርሜ፣ ይጨርሱኛል እኮ! ልጅዎ የሚጦርዎ ከሆነ የራስዎ ገቢ የለዎትም ብለው ነው የሚመልሱዎት። ማንም አይጦረኝም፣ ሥራም አልሠራም ይበሉ፤ አለቀ።"

"ላኪ!" አለች፤ እምቢ ማለቷ ነው። ከሴቶቹ አንዷ ሳቅ ጀምራ የአዳዳን ፊት ስታይ ተወችው። "አንድ ልጅ እያለኝ ማንም አይጦረኝም ልበል? ማሎ፣ ያ ጉርባ፣ እባክህ አንተ ልጅ፣ ይህ እኮ ልጄን መርገም ነው። ሥራ አልሠራም ማለትም ውሸት ነው። ለቪዛ ብዬ አልዋሽም።"

ነጋዴው መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ በኋላ አልቀለደም። እኔም የክር ልቃቂቱን ቤት ውስጥ ሳየው ከዓይኔ ዞር አደርገው ጀመር፤ ምክንያቱም አዳዳ እንደማትዋሽ ከማንም በላይ አውቃለሁ።

ያን ሰሞን ጎመን ስቀነጥስም ልብስ ሳጥብም የማስበው ስለ ሁለት ቃላት ነበር፤ ስለ መጦርና ስለ ሥራ። ጡረታ የምንለው መጦር ከሚለው ነው የመጣው። ሰው ሲመርቀን ልጅ ይጡርሽ ይላል። ለእኛ መጦር ብር መስጠት ብቻ አይደለም፤ ሲያምሽ ውሃ የሚያቀብልሽ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ ክንድሽን የሚይዝ፣ ስትሞቺ የሚቀብርሽ ሰው አለሽ ማለት ነው። ቪዛ የሚሰጡት ሰዎች ደግሞ የሚያስቡት ዳቦሽን ማን ይገዛል የሚለውን ብቻ ነው። ሥራም እንደዚያው። እነሱ ሥራ የሚሉት ሰው ደሞዝ የሚከፍልበትን ነው፤ አዳዳ ሥራ የምትለው ከእንቅልፏ ስትነቃ እስክትተኛ ያለውን ነው። ሁለቱም ወገን እውነታቸውን ነው። የሚጠያየቁት ግን አንዱ ስለ በሬ፣ ሌላው ስለ በቆሎ ነው። ይህን ለማንም አልነገርኩም። የሚገባኝ ነገር ሁሉ አፌ ላይ ወዲያው አይደርስም።

ለቀጠሮው እኔ አብሬያት እንድሄድ የወሰነችው ራሷ ናት። ነጋዴው "የሚናገር ሰው ይዘው ይሂዱ እንጂ፤ እሷ እኮ እግዜር ይስጥልኝ ለማለት አንድ ሳምንት ትፈልጋለች" ሲላት እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር።

"ሰው ሁሉ ይጮኽብኛል" አለችው። "ሲጮኹብኝ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው፣ አንድ ቃል አልለይም። የዚች ልጅ ድምፅ ግን ይገባኛል።" እውነቷን ነው። እኔ በቀኝ ጆሮዋ በኩል ጠጋ ብዬ፣ ቀስ ብዬ ነው የማወራት። መጮህ አልችልበትም።

መንገዱ ሰላም በነበረበት ሳምንት ንጋት ላይ ሚኒባስ ተሳፈርን። ባኮ ስንደርስ በቆሎው ከመኪናው በላይ ቁመት ነበረው፤ አዳዳ በመስኮት እያየች ማን አረመው፣ ማን ሰነፈ እያለች ማሳ ለማሳ ስትፈርድ ሄደች። አምቦ ላይ ምሳ በላን። አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አድረን በማግስቱ ቪዛ ወደሚጠየቅበት ቤት ሄድን። ለቤተ ክርስቲያን የምትለብሰውን ነጠላ ለብሳለች፤ ቢጫው ሹራብ፣ ለአራተኛ ጊዜ የተሠራው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ የጣት አሻራ የሚወስድ ወጣት ዘንድ ላኩን። እሷ ብቻዋን አትሰማም ስላልኩ፣ ማለት ጆሮዬን ነክቼ ስላሳየሁ፣ አብሬያት እንድገባ ፈቀደ። አዳዳ ጣቶቿን መስታወቱ ላይ አኖረች። መሣሪያው አላነበበም። ወጣቱ ጣቶቿን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገላትና እንደገና ሞከረ፤ አላነበበም።

"እናቴ፣ አሻራዎ ተፍቋል እኮ። ምን ሲሠሩ ኖሩ?"

እኔ በጆሮዋ ደገምኩላት። አዳዳ ሁለት እጆቿን አንስታ እንደ አዲስ ዕቃ አገላብጣ አየቻቸው።

"አየሽ?" አለችኝ። "አፌን ብታስተምሩት እንኳ ጣቴ አይዋሽም።"

ወጣቱ ሳቀና ጣቶቿን አንድ በአንድ በራሱ እጅ እየጫነ ቆየ። በመጨረሻ መሣሪያው ተቀበላት። እኔ ግን በልምምዱ ጊዜ እንደተናገረችው ልትናገር እንደሆነ አወቅኩ።

ጥያቄ የምትጠይቀዋ ሴት ከመስታወት ኋላ ነበረች። አበሻ ናት፣ ትልቅ ሰው፣ ፊቷ አይስቅም አይቆጣም። ድምፅዋ የሚመጣው በመስታወቱ ላይ በተሰካች ትንሽ ድምፅ ማጉያ ነው፤ ያችም ትንጫጫለች። አዳዳ አንድም ቃል አልሰማችም። ሴትዮዋ እኔን አየችኝ።

"እርስዎ ያስተላልፉላቸው። መልሱ ግን የእሳቸው ይሁን።"

ራሴን ነቀነቅኩ። ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ የልጇን አድራሻ ጠየቀች። ፎቁ የማን እንደሆነ ጠየቀች። ይህ ሁሉ በሰላም አለፈ። ከዚያ "እዚያ ሲኖሩ ምን ሥራ ለመሥራት አስበዋል?" አለች።

እዚህ ላይ ነው የተጠየቀውን ቃል በቃል ብነግራት አዳዳ ስለ ቅቤው የምትጀምረው። መልሷን መለወጥ ደግሞ አልፈልግም፤ መልሱ የእሷ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን በእኛ ቤት በሚገባው መንገድ አደረግኩት። በቀኝ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ፣ መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎም ሴትዮዋ እንድትሰማ በአማርኛ "አዳዳ፣ እዚያ አገር ተቀጥረሽ ደሞዝ የሚከፍልሽ ሰው ይኖራል ወይ?" አልኳት።

"እኔን?" አዳዳ ቀና አለች። "ለእኔ ደሞዝ? ማን ደፍሮ! እኔ ለሰው እከፍላለሁ እንጂ ማን ይከፍለኛል? ሰው ቤት ተቀጥሬ አላውቅም፣ አሁን በስተርጅና ልቀጠር?"

ሴትዮዋ ጻፈች። ከንፈሯ ጠርዝ ላይ የሆነ ነገር ያየሁ መሰለኝ።

"የዕለት ወጪያቸውን የሚሸፍነው ማን ነው? ልጃቸው ይጦራቸዋል?"

ይህንን አዙሬ ለመጠየቅ ጊዜ አላገኘሁም፤ "ይጦራቸዋል" የሚለውን አዳዳ ከሴትዮዋ ከንፈር ላይ አንብባው ኖሮ እኔን ሳትጠብቅ መለሰች።

"እንዴታ! ልጄ ይጦረኛል። አንድ ነው፣ ግን ልጅ ነው።"

ብዕሩ ቆመ። ሴትዮዋ ወደ ወረቀቷ አየች፣ የኪራይ ውሎቹን ገለጠች፣ "በማመልከቻቸው ላይ ግን በራሳቸው ገቢ እንደሚኖሩ ነው የጻፉት" አለች፤ ይህን ያለችው ለእኔ ነው።

ድምፅ ያጣሁበትን ጊዜ ሁሉ አስታውሳለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን እንድዘምር ስጠራ፣ ቀበሌ ስሜን ሲጠይቁኝ። ያን ጊዜ ግን አላጣሁም። ምናልባት ለሳምንታት በልቤ ስለጻፍኩት ይሆናል። ድምፅ ማጉያዋ ያለችበት ቀዳዳ ጋ ጠጋ ብዬ ተናገርኩ።

"ልጄ ይጦረኛል ስትል በገንዘብ ማለቷ አይደለም። እኛ ጋ አንዲት እናት ልጄ አይጦረኝም ካለች ልጇ ጥሏታል ማለት ነው፤ ስለዚህ እንደዚያ አትልም። እህሏን፣ ቤቷን፣ መድኃኒቷን የምትገዛው በኪራይዋ ነው። ልጇንም እሷ ነች ያስተማረችው። ከፈለጉ ይጠይቋት፤ ልጅሽ በየወሩ ስንት ይልክልሻል ይበሏት።"

ሴትዮዋ በብዕሯ ወደ አዳዳ ጠቆመች። "ይጠይቋት" አለችኝ።

ጠየቅኳት። አዳዳ ተቆጣች። "ይልክልኛል? እሱ እኮ ቤት ሲገዛ እኔ ነኝ የጨመርኩለት! እዚህ ድረስ መጥተሽ ልጄን ልታሳጪብኝ ነው፣ ያ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ?"

አሁን ሴትዮዋ ሳቀች፤ በግልጽ። "የእኔም እናት እንዲሁ ነው የምትናገረው" አለች፣ ጻፈችም፣ ብዙ ጻፈች። መጨረሻ ላይ ለምን እንደሚሄዱ ጠየቀች። አዳዳ ያንን ስተረጉምላት ቦርሳዋን ከፍታ ሹራቡን አወጣችና መስታወቱ ላይ ዘርግታ አሳየቻት።

ስንወጣ አዳዳ ክንዴን ይዛ "ምን ነበር በዚያ ቀዳዳ የለፈለፍሽው?" አለችኝ።

"ያልሽውን ነው የነገርኳት።"

"ያን ሁሉ ተናግሬአለሁ?"

"አዎ።"

አመነችኝ። ማመኗ ልክ ነበር።

ፓስፖርቱ ሲመለስ ነቀምቴ ነበርን። ነጋዴው ከእኛ ቀድሞ ቪዛውን አገላብጦ አየና "ሃርሜ፣ እንግዲህ በማኅተም ተረጋግጧል፣ ተቀምጠው የሚበሉ ሰው ሆኑ" አላት። በጨርቁ መለኪያ ቂጡን ልትመታው ሱቁ ውስጥ አሯሯጠችው። ሊሸኟት የመጡት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች እጃቸውን አንስተው ልጅሽ ይጡርሽ ብለው ሲመርቋት "አሜን፣ ኪራዬም ይጡረኝ" አለች። ሴቶቹ ተያዩ። እኔ ብቻ ሳቅኩ።

ከመሄዷ በፊት የፎቁን ቁልፎች በሙሉ ለእኔ ሰጠችኝ። ዘመዶች ይህች ልጅ ከተከራይ ጋር እንዴት ትነጋገራለች ብለው ሲያንሾካሹኩ ሰምቻለሁ። እየተነጋገርኩ ነው። ድምፄን ከፍ አላደርግም፤ ጠጋ ብዬ፣ ቀስ ብዬ፣ የምለውን እላለሁ። ነጋዴው የሱቁ በረንዳ ቆርቆሮ ሲያፈስ መጥቶ "አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደርሽ፣ ትንሿ ሃርሜ" ይለኛል። መጀመሪያ ጊዜ አፍሬ ነበር፤ አሁን ቆርቆሮውን የሚጠግነው እሱ ራሱ እንደሆነ ነው የምነግረው። የመሰላሉን ቦታ ያውቀዋል።

አዳዳ በየእሁዱ ትደውላለች። ሹራቡ ልክ ሆኗል፤ ትንሿ ልጅ ሲያወልቁባት ታለቅሳለች አለችኝ። ባለፈው ደግሞ እየሳቀች ደወለች። ደረጃውን ስትጠርግ ያየቻት ጎረቤታቸው፣ የዚያው አገር ሴት፣ የእሷንም በር እንድትጠርግላት በምልክት ጠይቃት ኖሯል። ጠረገችላት። ሴትዮዋ ብር ስትዘረጋላት ግን አዳዳ ሁለት እጆቿን ከጀርባዋ ደበቀች።

"ምን አልሻት?" አልኳት።

"ምን እላታለሁ፣ ቋንቋዋን መች አውቃለሁ" አለች። "በአማርኛ ነገርኳት። ይቅርታ እመቤቴ፣ እኔ እዚህ አገር የመጣሁት ተቀምጬ ልበላ ነው አልኳት።"

ከዚያ መጥረጊያውን እንዳነሳች ሰማሁ፤ ስልኩን ሳትዘጋ ደረጃውን መጥረግ ቀጠለች።